ስለ ማደርና ስለ ማሳደር

እንግሊዞች በመጽሐፍ ቋንቋቸው ሳይሆን፣ እኛ የአራዳ ቋንቋ በምንለው ዐይነት የሰፈር አነጋገራቸው፣ እንቅልፍን «ኪፕ» ይሉታል። የደከመው ሠራተኛ ጥቂት ልተኛ ሲል፣ ወታደሩም ከዘብ ተመልሶ ጋደም ሲል ይህንኑ ቃል ይናገራል። አጭርና የዋህ ቃል ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የቃላትን የትውልድ ሐረግ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ዱካውን ተከትለው ወደ ኋላ ቢሄዱ የደረሱበት ቤት ጨዋ ቤት አልሆነም። ኦሊቨር ጎልድስሚዝ የተባለው ደራሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ዓ. ም. በታተመው የዌክፊልድ ቄስ ታሪኩ ውስጥ ሲጽፈው ገላ የሚሸጥበት ቤት ማለቱ ነበር። በዴንማርክ ቋንቋም «ኪፐ» የተጎሳቆለ ጎጆ ወይም ዝቅተኛ መጠጥ ቤት ማለት ስለ ሆነ፣ ቃሉ ከዚያ ዘር ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ድኾች በጥቂት ሳንቲም የሚያድሩበት የኪራይ ቤት በዚህ ስም ተጠራ፤ ቀጥሎ ስሙ ወደ አልጋው አለፈ፤ በመጨረሻም በአልጋው ላይ ለሚተኛው እንቅልፍ ሆነ። በደብሊን ከተማ ግን ቃሉ የጥንቱን ነውር አልጣለም፤ የቆሸሸና የተናቀ ቤት በዚያ እስከ ዛሬ «ኪፕ» ይባላል።

አንባቢያችን የባዕድ አገር የአራዳ ቃል ምን ይረባናል ሳይል አይቀርም። እኛም ነገሩን ያነሣነው ለቃሉ ብለን ሳይሆን ቃሉ ስላስታወሰን ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞም ቃሉ አንድ ጊዜ እስከ ቡሬ ድረስ ሳይመጣ አልቀረም። በየካቲት ወር 1933 ዓ. ም. በዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን የተባለው ጦር፣ ከሱዳን የጠረፍ ሻለቃ፣ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃና ከጥቂት እንግሊዛውያን የተሰባሰበው፣ በቡሬና በማንኩሳ የነበረውን የኢጣሊያ ምሽግ ገጠመ። ቁጥሩ ከጠላት እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ ዘዴው ሌሊት ነበር። በጥቂት በጥቂቱ እየሆነ በጨለማ ተጠግቶ ይተኩሳል፤ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶ በሌላ በኩል እንደገና ይመጣል። በምሽግ ውስጥ ያለው ብዙ ሠራዊት በውጭ ያለው ስንት እንደ ሆነ ሳያውቅ ዐይኑ እንደ ፈጠጠ ይነጋበታል። በዚያው ወር መጨረሻ የኢጣሊያ ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። የሰውን እንቅልፍ መንሣት ከጥይት ያላነሰ መሣሪያ መሆኑን የቡሬ ሜዳ አይቶታል።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስንመለስ እንቅልፍን የሚመለከት ቃል ሞልቷል። ሰው ይተኛል፣ ያሸልባል፣ ያንቀላፋል፣ ጋደም ይላል፤ የሞተውንም በአክብሮት አንቀላፋ እንለዋለን። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ «አደረ» የሚለው ነው። አደረ ማለት ተኛ ማለት አይደለም። በጸሎት፣ በለቅሶ ቤት፣ በታማሚ ራስጌ ዐይኑን ሳይከድን የሚያድር ሰው አለ። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ወረዳ በቆሎው በሚያሽትበት ወራት ልጆች በማማ ላይ ሆነው ጃርትና ከርከሮ እየጠበቁ ያድራሉ፤ በማግሥቱ እንዴት አደራችሁ ሲባሉ የሚመልሱት እንቅልፋቸውን አስበው ሳይሆን ሰብሉን አስበው ነው። ቃሉ በግዕዝ «ኀደረ» ነው፤ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ተማሪው መጽሐፉን ከትቶ በትከሻው የሚያንጠለጥለውን የቆዳ ከረጢት ማኅደር የምንለው ከዚሁ ነው።

ይህ አንድ ግንድ ያወጣው ቅርንጫፍ ያስገርማል። የሚያርሰው አርሶ አደር፣ ከብት የሚያረባው አርብቶ አደር ነው። ሎሌ ለጌታው ያድራል። ወታደርንም ብዙዎች ወጥቶ አደር ብለው ይፈቱታል። ጊዜ የሚገልጠውን ነገር ውሎ አድሮ እንላለን። እንግዳን ከደጅ አስገብቶ ማኖር ማሳደር ነው። በመጨረሻም አገር መምራት ማስተዳደር ተባለ። እንግዲህ የእንግሊዞች ቃል ከቤት ተነሥቶ ወደ እንቅልፍ ወረደ፤ የእኛው ከቤት ተነሥቶ ወደ አገር ወጣ። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሰዋስው ብቻ አይመስለንም፤ የሰው ማደር የራሱ ብቻ ጉዳይ ነውን ወይስ የሌላም ሰው ነው?

ተኝቶ የሚገኝ ሰው ምንም አያውቅም፤ በሩን መዝጋት፣ እሳቱን ማዳፈን፣ ጅቡን መስማት አይችልም። ስለዚህ ሰው ብቻውን ሊተኛ ይችላል እንጂ ብቻውን አያድርም። አንድ ሰው ወይም አንድ ግንብ ወይም አንድ ሕግ በላዩ ነቅቶለታል። በጎጃም የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ ሰው ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ይህንኑ ሸክም ላልዘመደው ሰው ማሸከሙ ነው። «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፤ መደቡ ይለቀቅለታል፤ የቤቱ ልጆች ከመሬት ቁርበት ላይ ይወርዳሉ። ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ቀን ለብሶት ሌሊት ተኝቶበት፣ በየመንደሩ ውሻ እየተከላከለ፣ ሊቅ እስኪሆን ድረስ የኖረው በዚህ ልማድ ነው። ከማንኩሳ የተነሣው በዛብህ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ሰው፣ ለአንባቢ እንግዳ ያልሆነው የዚህ ዐይነቱን ተማሪ ሁላችን ስለምናውቅ ነው።

ይህን ስንል እኛ ደጎች፣ እንግሊዞች ክፉዎች ነን ለማለት አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ. ም. ባሳተመው መጽሐፍ የለንደንን የድኾች ማደሪያ ሲገልጥ፣ አንዱ ቤት አልጋ እንኳ የለውም፤ ድኾቹ በአግዳሚ ወንበር በረድፍ ተቀምጠው ከፊታቸው በተወጠረ ገመድ ላይ ተደግፈው ያድራሉ፤ ጧት ገመዱ ይቆረጣል። ይህን ያነበበ ሰው «ኪፕ» የሚለው ቃል የተረገዘበትን ቤት ያየ ያህል ነው። ግን በእኛም አገር ቢሆን ማሳደር ሁሉ ደግነት አልነበረም። በቀድሞው ዘመን የዘመተ ጦር በገበሬው ቤት እየተመራ በሚገባበት ጊዜ ወታደሩ በገበሬው ቤት አደረ ከማለት በገበሬው ላይ አደረ ማለት ይቀልላል። በፈቃድ የሆነውም መስተንግዶ ቢሆን ምስጋናው ለባልዮው፣ ውኃ መቅዳቱና መጋገሩ ለሴትዮዋ እንደ ነበረ መካድ አይገባም። ዛሬም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጎዳና ዳር «አልጋ አለ» የሚል ሰሌዳ ሲታይ ደግነት አለቀ ብሎ የሚያዝን አለ፤ እኛ ግን ንጹሕ አንሶላ በተገቢ ዋጋ ማከራየት የሚያስነቅፍ ሆኖ አላገኘነውም። ከገጠር መጥተው ለትምህርት ሲሉ አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት የሚከራዩት፣ እሑድ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱት ልጆች ኪራዩ ባይኖር የት ባደሩ ነበር?

የሚያስነቅፈን ሌላ ነው። ከዚሁ ከማደር ግንድ «ሴተኛ አዳሪ» የሚል ቅርንጫፍ አውጥተናል። ቃሉን እንደ ፊደሉ ብንፈታው በሴትነቷ ብቻዋን የምታድር ከማለት አያልፍም፤ በውስጡ አንድም ክፉ ፊደል የለም። ነውሩን ያገባንበት እኛ ነን። እንግሊዞች ነውረኛውን ቃል እያጠቡ ለእንቅልፍ አደረጉት፤ እኛ ንጹሑን ቃል እያጎደፍን በአንዲት ሴት ላይ ጫንነው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው፣ እነርሱ ስሙን ለቤቱ ሲሰጡ እኛ ለሴቲቱ መስጠታችን ነው። ቤት ይፈርሳል፤ ይታደሳል፤ ሰሌዳውን ይለውጣል፤ ሴቲቱ ግን ስሙን ይዛ ወደ ትውልድ መንደሯ መመለስ አትችልም። ሳይነጋ ወጥቶ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለሚነዳው ወንድ ቋንቋችን ስም አላወጣለትም። የቃል አመጣጥ ቃሉን እንደማያስኰንነው ሁሉ እንደማያጸድቀውም ከዚህ ይታያል፤ ቃሉን በየቀኑ የሚፈርድበት ተናጋሪው ነው።

አሁን አስተዳደር ወደሚለው እንመለስ፤ ይህ መጽሔት በብዛት የሚነበበው በየመሥሪያ ቤቱ ነውና። ማስተዳደር የሚለውን ቃል በየቀኑ በማኅተም እናትመዋለን፤ በሩን ስናልፍ ከበላዩ ተጽፎ እናያለን። በውስጡ ሌሊት እንዳለበት ግን አናስበውም። በ1960 ዓ. ም. የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በተነሣ ጊዜ ክርክሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ርስቴ ይነጠቃል የሚል ስጋት ቤት ለቤት ገብቶ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። መንግሥትም ኋላ አገረ ገዥውን አንሥቶ ግብሩን ከማስከፈል ተመለሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህም በክልሉ ግጭት ከተነሣ በኋላ፣ በዚህ ጎዳና ላይ «እንዴት አደራችሁ» የሚባለው ሰላምታ ልማድ መሆኑ ቀርቶ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ ሆኗል።

ታላቁን ነገር ትተን ታናሹን እናንሣ። ለባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ማለት በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ቀላል ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እውነተኛ ምክንያት አለው፤ መዝገቡ አልተገኘም፣ ኀላፊው ስብሰባ ገብቷል። ባለጉዳዩ የከተማው ሰው ከሆነ ነገ ነገ ብቻ ነው። ከቆላ ስድስት ሰዓት በእግሩ ለመጣ ሰው ግን ከዛሬና ከነገ መካከል አንድ ሌሊት አለ። ነገ የሚለው ሹም ሳያውቀው ያ ሰው የት እንደሚያድር ወስኖበታል።

እኛም አንድ ዐርብ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ አገር በአንዲት ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ አየን። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። በሩ ተዘግቷል፤ ዘበኛው ቁልፉን ኪሱ ከትቷል። «አባቴ፣ አይሄዱም?» አልናቸው።

«ነገ ተመለሱ ብለውኛል፤ የሁለት ቀን መንገደኛ ነኝ፤ ወዴት እሄዳለሁ ልጄ» አሉን።

«ታዲያ የት ያድራሉ?»

«ትናንት አንድ እግዜር ይስጠው አሳድሮኛል። ዛሬ ደግሞ ምን ብዬ ደጁ እቆማለሁ? ሰው አይሰለችም?» ብለው ጥቂት ዝም አሉና ቀና ብለው፣ «ነገ ግን ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን።