ከገበታው መኻል የተቀመጠው ነገር

ለመሆኑ ማንም የማይበላበት ዕቃ ከገበታ መኻል ምን ይሠራል? ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን ፈረንሳዮች «ሱርቱ ደ ታብል» የሚሉት የገበታ ጌጥ ነው። በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ከሥሩ መስተዋት አለው፤ በላዩ መቅረዝና የፍሬ ማስቀመጫ የተሸከሙ ምስሎች ይቆማሉ። በመኳንንቱ ግብዣ መኻል ያበራል፤ የሚጎርስበት ግን የለም።

አሠራሩን እንመልከት። እንደ ፒየር ፊሊፕ ቶሚር (1751–1843 እ.ኤ.አ.) ባሉ የፓሪስ ባለሙያዎች ቤት ወርቁ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ከሚባለው ጋር ይለወስና ነሐሱ ይቀባል፤ ከዚያ በእሳት ይሞቃል። ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ባዜቃውስ የት ገባ? ለባጩ ሳንባ ውስጥ ነዋ! እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ይረግፋል። ጌታው ግን «የእኔ ነው» እያለ ለእንግዳ ያሳያል።

በ1793 እ.ኤ.አ. አብዮቱ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ዕቃ በሐራጅ መሸጥ ጀመረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ መደብ ዕቃ ለጨረታ ቀረበ። ጌታው ቢወድቅም ዕቃው ጌታ አላጣም፤ ገንዘብ ያለው ወሰደው። በ1817 እ.ኤ.አ. ደግሞ ንጉሥ የሌላት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝም ጌጥ ከፓሪስ አስመጣ። እንግዲህ ማዕረግ መሻር ብቻውን ነገሩን አይፈታውም ማለት ነው።

ፈረንሳይ ሩቅ ናት፤ ወደ ሊበን እንመለስ። በቋንቋችን ገበሬው የሚከፍለው «ግብር» ነው፤ ጌታው በአዳራሹ የሚያበላውም «ግብር» ነው። ስሙ አንድ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ከአንዱ ጎተራ የወጣው በሌላው አዳራሽ ይበላ ነበርና። አንዳንድ ጓደኞቻችን «የእኛ መሳፍንት እኮ ቢያንስ ያበሉ ነበር፤ መሶብ ሱርቱ አይደለም» ይሉናል። እውነት አለው። ይሁን እንጂ በአዳራሹ የሚቀመጠው በማዕረግ ነበር፤ ጤፉንና ማሩን ያገባው ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ይመለሳል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ሲነሣም ጦር ተላከበት እንጂ ገበታ አልቀረበለትም።

ታዲያ ዕቃው ምን በደለ? ይሰበር? ይሸጥ? በበኩላችን ውበትን አንጠላም፤ የሠራተኛ እጅ ፍሬ ነውና። ጥፋቱ ያለው «ባለቤት» በሚለው ቃል ላይ ነው፦ በሳንባው የከፈለው ለባጭና በጎተራው የከፈለው ገበሬ ተረስተው፣ ከፊቱ የተቀመጠው ብቻ ባለቤት ሲባል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ለጎብኚ ተከፈተ። በሩ መከፈቱ መልካም ነው። ግን አልጋውን አይቶ «ማን ከፈለበት?» ሳይል የሚወጣ ሰው ገና ከደጅ ነው ያለው።

እኛስ? ከሊበን መጥተን በዚህ ግቢ የምንማረው በማን ግብር ነው? እናቶቻችን በርበሬ ሸጠው ላኩን፤ የማናውቃቸው ሺህ ገበሬዎችም ከፈሉልን። ቁንጮ ላይ ተቀምጠን በጥቅስና በባዕድ ቃል ብናበራ፣ ማንም ግን ባይጎርስብን፣ እኛም በወርቅ የተለበጥን ነሐስ ነን።

ነገሩን ለምረቃ ቀን አናቆየው። ክረምት አገር ቤት ስንገባ ፊደል ያልቆጠሩ ጎረቤታችን የግብር ደረሰኛቸውን ይዘው «እስቲ አንብብልኝ ልጄ» ይሉናል። እዚያ ላይ ተቻኩለን «ደህና ነው አባባ» ብለን እንመልሳለን፣ ወይስ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናስረዳለን?