ምኞትና ተስፋ

ምኞት ተስፋን መስሎ የሚያታልለን እውነቱ ሲከብደን ነው። ከጳውሎስ ሠፈራችን በላይ፣ በእንጦጦ ጠበል፣ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል ከጀመረ በኋላም «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሕሙማን ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ አስተማሩ። ይህ ከእምነት ማነስ የመጣ ቃል አልነበረም። የሚመኝ ሰው ምርመራን ይሸሻል፤ ተስፋ ያለው ግን ውጤቱን ቆሞ ይሰማል። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ እንጂ ጽዋ የለም አላለም።

ሕሙማንን ስንጠይቅ «ምንም አልሆኑም» ማለት ይቀናናል። እኔም አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ሰውየው ሊናዘዙ ፈልገው ኖሮ፣ ቃሌን ሲሰሙ ዝም አሉ።