ለበርበሬ ተራዋ ልጄ፣ ስለ ፓፍ

ልጄ፣ በርበሬ ተራ ውለሽ ማታ ደረትሽ ሲያፏጭ ሰማያዊዋን ፓፍ እየደጋገምሽ እንደምትስቢ እናትሽ ነግራኛለች። ያቺ ሳልቡታሞል ናት፤ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ትከፍታለች፣ የቧንቧውን እብጠት ግን አትነካውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአዋቂ እሷን ብቻዋን መስጠት ይቅር ብሏል። እብጠቱን የሚያበርደው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ ደህና በሆንሽበት ቀንም ይወሰዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኼ ነው።

ጎረቤት «ፓፍ ከጀመርሽ አትላቀቂውም» ይልሻል። ይኸው ወሬ ነው ስንቱን ፓፍ አስፈርቶ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን የሚያስውጠው! ክኒኑ በደም መላ አካል ይዞራል፤ ሲዘወተር ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ያነሳል። የስቴሮይዱ ፓፍ ግን በአብዛኛው ሥራው እዚያው ሳንባ ላይ ነው። ቤክሎሜታሶን የተባለው የሚሳብ ስቴሮይድ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለአስም ሲወጣ እኮ ብዙዎችን ከክኒን አላቋል።

ታዲያ የስቴሮይዱ ፓፍ ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይተሽ «ይኼኛው ይበልጣል» እንዳትዪ። ሩብ ኪሎ ሚጥሚጣና ሩብ ኪሎ በርበሬ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ምላስ ላይስ? ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ በአቅም ይቀራረባሉ። ፍሉቲካሶን ፕሮፒዮኔት ግን እጥፍ ያህል ይበረታል፤ የእሱ 100 ማይክሮግራም ከእነዚያ 200 ጋር ይመዛዘናል። ቤክሎሜታሶን ራሱ፣ ብናኙ እጅግ የደቀቀው ዓይነት ከሆነ፣ በግማሹ ይሠራል። ፋርማሲ «ያንቺ አልቋል፣ ይኼን ውሰጂ» ካሉሽ መጠኑን ሐኪም ሳያስተካክልልሽ አትቀይሪ።

የበረታ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ማርም ሲበዛ ይመራል፤ የዚህ መድኃኒት አብዛኛው ጥቅም በዝቅተኛው መጠን ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ሲጨመር ትርፉ ትንሽ ነው፣ ዕዳው ግን ያድጋል፦ ከፍተኛ መጠን ለዓመታት ከተወሰደ አጥንት ሊያሳሳ፣ የዓይን ሞራ ሊያመጣ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ በገዛ እጅ አይጨመርም፣ በድንገትም አይቆምም።

በትንሹ መጠን የሚያስቸግረው የድምፅ መጎርነንና አፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ፈንገስ ነው። በሳብሽ ቁጥር በውሃ ተጉመጥምጠሽ ትፊው። የሚረጨው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በፓፉና በአፍሽ መካከል ባዶ ዕቃ ይግባ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ይቀንሳል፣ ሳንባ የሚደርሰው ይጨምራል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል፦ ታቹን በፓፉ አፍ ልክ ቀደሽ ፓፉን ትሰኪበታለሽ፣ በአንገቱ በኩል ትስቢያለሽ። ንጹሕ ይሁን ታዲያ፣ ከምናለሽ ተራ የተለቀመ እንዳይሆን!

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስትሄጂ የበርበሬ ብናኝ ውስጥ እንደምትውዪ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ብናኙ እያለ መድኃኒት ብቻ መጨመር አይበቃም። ሰማያዊዋንም የስቴሮይዱንም ፓፍ ይዘሽ ሂጂ፤ ፊቱ ሳቢና አሳሳብሽ ልክ መሆኑን ይይልሽ።