ጠያቂና ተጠያቂ

ነገሩን የቆሰቆሰችው የእህቴ ልጅ ናት። በተፈጥሮ ጥበቃ የማስተርስ ዲግሪዋን ትማር በነበረበት ጊዜ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥታ፣ ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ሳለ፣ «ጋሼ፣ ለትምህርት ተብሎ አውሬን አስሮ ማኖር ተገቢ ነው ትላለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍል ውስጥ ሲከራከሩበት ሰንብተዋል። መምህራቸው፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሲንሲናቲና ብሮንክስ ካሉ የአራዊት መጠበቂያዎች ጋር ተባብሮ ሲሰጥ ስለቆየው የማስተርስ ትምህርት አውግተዋቸው ኖሯል። በዚያ ትምህርት ተማሪው አዳራሽ ቁጭ ብሎ ከማዳመጥ ይልቅ አውሬው ፊት ይቆማል፤ ይመለከታል፤ የገዛ ራሱን ጥያቄ ያነሣል፤ ማስረጃ ይሰበስባል፤ በመጨረሻም ያገኘውን ይዞ ለአካባቢው የሚበጅ ሥራ እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ግማሹ ተማሪ «ግሩም ነው» ሲል፣ ግማሹ «አውሬው ምን በደለ?» ብሎ ተነሣ።

እኔ ቶሎ አልመለስኩም። ስድስት ኪሎ ትዝ አለኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ በተማሪነቱ ተሰልፎ አንበሳ ግቢ ያልገባ መቼም ጥቂት ነው። እኔም ገብቻለሁ። ፍርግርጉን ከበን «አግሣ! አግሣ!» እያልን ስንጮህበት አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ተኛ። መምህራችን የዘውድ ምልክት መሆኑን ነገሩን፤ እኛም ደብተራችን ላይ ጻፍን። ከአርባ ምናምን ልጆች መካከል «ይሄ አንበሳ ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ጥያቄው ግን መልስ ነበረው። ግቢው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች እንደነበሩ፣ የተያዙትም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በላይፕዚግ የማክስ ፕላንክ ተቋምና የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን፣ በግቢው ከነበሩት የ15ቱን ዘረ መል መርምሮ ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አስታወቀ፤ ዘራቸው እንዲጠበቅም አሳሰበ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1999 ዓ.ም.፣ ከዚያው ግቢ የወጣው ወሬ ግን ሌላ ነበር። ቦታና ገንዘብ በማጠሩ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ እንደነበርና በድናቸውም አድርቀው ለሚያስቀምጡ ሰዎች ይሸጥ እንደነበር ኃላፊው ለዜና ወኪሎች ተናገሩ።

እንግዲህ አጥሩ ያው አጥር፣ አንበሳውም ያው አንበሳ ነው። የሚለየው አጥሩ አጠገብ የሚቆመው ሰው ይመስለኛል። እኛ ተሰልፈን ያየነው ልጆች አይተነው ሄድን እንጂ ጠየቅነው ለማለት አልደፍርም።

በቋንቋችን «መጠየቅ» ሁለት ነገር ነው። ያላወቁትን ለማወቅ አፍ መክፈት አንድ ነው። ሌላው ደግሞ ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ ማየት ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፣ የታሰረ ይጠየቃል። «ጠያቂ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀውም በዚሁ ትርጉሙ ነው። እስረኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሲወጣም የታሳሪውን መልእክት ለቤተሰብ ያደርሳል፤ ደግሞም ተመልሶ ይመጣል። «ተጠያቂ» የሚለው ቃልስ? ጥያቄ የቀረበለት ማለት ነው፤ ኃላፊነቱ የሚወድቅበት ማለትም ነው።

ይህንኑ ለልጅቱ ነገርኳትና «እኔ ከአጥሩ ይልቅ የምፈርደው በጠያቂው ላይ ነው» አልኳት። «ጋሼ፣ ቃል መሰንጠቅ ትወዳለህ» ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩ ቃል ከመሰንጠቅ ያለፈ መሆኑን ሁለታችንም ያየነው ቦንጋ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፏ ካፋን መርጣ ነበርና አብሬያት ሄድኩ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ይህን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ጥብቅ የሕይወት ቀጠና ብሎ መዝግቦታል። በዚህ ዓይነቱ ሥፍራ እንደ ስድስት ኪሎው አውሬ አይታጠርም፤ ሰውም አይባረርም። እምብርቱ ሳይነካ ይጠበቃል፤ ዙሪያው ለቡና፣ ለማርና ለቅመማ ቅመም ያገለግላል፤ ከዚያ ወዲያ እርሻና መንደር ይቀጥላል። የስድስት ኪሎዎቹ አንበሶች ዘረ መል በተነገረበት በዚያው በ2012 እ.ኤ.አ. በዚህ ደን ውስጥም አንበሳ ፎቶግራፍ ተነሣ። ዝናማማ ደን ውስጥ የሚኖር አንበሳ ተብሎ ለዓለም አዲስ ዜና ሆነ። የአካባቢው ገበሬ ግን ጎረቤቱ አንበሳ መሆኑን ለማወቅ ፎቶግራፍ አላስፈለገውም።

የእህቴ ልጅ ስድስት ገጽ መጠይቅ ይዛ ነበር። ከምትጠይቃቸው ሰዎች አንዱ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የኖሩ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ጅማ ሲነግዱ አማርኛ ስለለመዱ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ቆጮ ቀርቦልን፣ ቡናም ጠጥተን፣ እሷ መጠይቋን ስትዘረጋ አዛውንቱ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። አንደኞቹ ስለ ቡና፣ ሌሎቹ ስለ ማር፣ ኋለኞቹ ስለ ጉሬዛ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። የነገርኳቸውን ጽፈው ሄዱ። ምን እንዳገኙበት ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንቺ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር። ፊቷ ቀላ።

«እንግዲያው እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ዘንድሮ ገተሙ አብቦ ሳለ ከቀፎዎቼ ግማሾቹ ባዶ ቀሩ። ለምን ይመስልሻል?»

ይህንንም አታውቅም። በስድስቱ ገጽ ውስጥ ስለ ንብ የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረም። ዛፉ ሥር ቆመው የሚመለከቱት፣ ዓመት ከዓመት የሚያነጻጽሩት፣ የገዛ ራሳቸውን ጥያቄ ያነሡት አዛውንቱ ነበሩ። ያ የባሕር ማዶው ትምህርት የሚፈልገው ተማሪ እሳቸው ሆነው ተገኙ፤ የእኛዋ ተማሪ ደግሞ በሌላ ሰው የተዘጋጀ ጥያቄ ለማስሞላት መጥታለች።

በዚያች ማታ ቦንጋ ያረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ብዙ ተከራከርን። እሷ ያለችው እውነት አለው። «ተመራማሪ የሁሉንም ጓዳ ችግር ሊሸከም አይችልም። እመለሳለሁ ብሎ ቃል መግባትም መልስ በጉቦ መግዛት ይሆናል፤ ሰውየው እኔን ለማስደሰት የማያውቁትን ይነግሩኛል። ሳይንስ ውለታ ካለበት ነጻ አይሆንም» አለችኝ። ይህን ክርክር በቀላሉ የምጥለው አይደለም። ሆኖም አዛውንቱ የጠየቋት ውለታ አልነበረም። ገንዘብ አልፈለጉም፤ ትምህርት ቤት ሥሩልን አላሉም። የፈለጉት ራሳቸው የሰጡት ቃል ምን ላይ እንደደረሰ መስማት ነው። ይህ ስጦታ ሳይሆን የተዋሱትን መመለስ ነው። እንዲያውም መልሱ ተመልሶ ሲነገር ስሕተቱ ይታረማልና ሳይንሱም ይጠቀማል።

ልጅቱ ጽሑፏን በተፈቀደላት ርእስ ጨርሳ ተመረቀች። በዓመቱ በራሷ ገንዘብ ቦንጋ ተመልሳ ያገኘችውን ለአዛውንቱ ስታነብላቸው ሁለት ቦታ ላይ አረሟት። እርማቱ ትክክል ነበር፤ ጽሑፉ ግን ታትሞ ተጠርዟል። የባዶዎቹን ቀፎዎች ምክንያት እስከ አሁን አላገኙትም። በየዓመቱ የገባባቸውንና ያልገባባቸውን ቀፎዎች አዛውንቱ ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩን የልጅ ልጃቸው በስልክ ይነግራታል፤ እሷ ትመዘግባለች።

የመጀመሪያ ጥያቄዋን ግን ዛሬም አልረሳሁትም። አዛውንቱ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው መልሰው ሊጠይቁን ችለዋል። የታጠረው አንበሳ ይህን አይችልም። ስለ እሱ የተጻፈው ምን ላይ እንደዋለ አይጠይቀንም፤ ግልገሎቹ የት እንደገቡም አያመለክትም። መልሶ በማይጠይቅ ፍጡር ፊት ራስን ተጠያቂ ማድረግ ከባድ ነው፤ ስለሚከብድም እንተወዋለን። እኔ የምለው ይህ ነው፤ ጠያቂው ያወቀውን ይዞ ለዚያ አውሬና ደን ውስጥ ለቀሩት ዘመዶቹ የማይመለስ ከሆነ፣ አጥሩን ትምህርት ቤት ብሎ መጥራት ይቅርበት። የሚመለስ ከሆነ ግን ልጆቻችን ተሰልፈው ይግቡ። «አግሣ» ብለው ከመጮኻቸው በፊት አንዱ እንኳ «ከየት መጣህ?» ቢል እኔ ከነበርኩበት ሰልፍ ይሻላል።