የሴኔካ ደብዳቤ

ክፉ ጌታን የሚያገለግል ደግ ሰው የጌታው ክፋት ተካፋይ ነውን? ጥያቄው ከሩቅ ለሚመለከተው ቀላል ይመስላል፤ በሹመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያስበው ግን እጅግ ይከብዳል። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በኑሮው የሰጠው መልስም አንድ ወጥ አይደለም።

ሴኔካ የተወለደው በእስፓኝ አገር በኮርዶባ ከተማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ክላውዲዮስ በ41 ዓ.ም. (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ወደ ኮርሲካ ደሴት አጋዘው፤ በ49 ግን የንጉሡ አዲስ ሚስት አግሪፒና ለልጇ ለኔሮን አስተማሪ ይሆን ዘንድ አስመለሰችው። በ54 ኔሮን 17 ዓመት ሳይሞላው ሲነግሥ፥ ሴኔካ ከዘበኞቹ አለቃ ከቡሩስ ጋራ ሆኖ የመንግሥቱን ሥራ ይመራ ጀመር፤ ለወጣቱ ንጉሥም ስለ ምሕረት የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈለት። ጠላቶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 300 ሚሊዮን ሴስተርስ አከማቸ ብለው መክሰሳቸውን ለጊዜው እንተወው። እስከዚህ ድረስ በቦታው በመቆየቱ የሚነቅፈው ቢኖር እኔ አልተባበረውም፤ ደግ አማካሪ ሁሉ እጄ እንዳይቆሽሽ ብሎ ከሸሸ ቦታውን የሚይዘው ከንቱ አወዳሽ ነውና።

በ59 ግን ኔሮን የገዛ እናቱን አስገደለ። አግሪፒና በልጇ ሕይወት ላይ አሲራ ነበር የሚል ደብዳቤ ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተላከ፤ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚተርክልን፥ ሕዝቡ ስለዚህ ደብዳቤ ያማው ጸሐፊውን ሴኔካን ነበር። ሴኔካ ሰይፍ አልመዘዘም፤ ነገር ግን ወንጀሉ ጽድቅ መስሎ እንዲታይ የሚያስፈልገውን ቃል ያበደረው እሱ ነው። መቆየት ይቅርታ የሚገባው እስከዚህ ወሰን ድረስ ይመስለኛል።

ደብዳቤው በተነበበ ጊዜ የምክር ቤቱ አባሎች ለንጉሡ ምስጋና ለማቅረብ ሲሽቀዳደሙ፥ ትራሴያ ፔቱስ የሚባል አንድ አባል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣ። በዚህ ሥራው በራሱ ላይ አደጋ አመጣ እንጂ ለሌሎቹ የነጻነት መነሻ አልሆናቸውም ሲል ታሲተስ ይፈርዳል። በእርግጥም በ66 ሞት ተፈረደበት። ታዲያ ምን ጠቀመ ለሚለኝ፥ በዚያን ቀን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግድያውን ግድያ ብሎ የጠራ አንድ ባዶ መቀመጫ ነበር እላለሁ።

ሴኔካ በ62፥ ቡሩስ ከሞተ በኋላ፥ ሀብቱን መልሶ ለመሰናበት ለመነ፤ ኔሮንም በለዘበ ቃል ከለከለው። በመጨረሻ ዘመኑ ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ የጻፋቸው 124 ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ደርሰውናል። ስለ ሞት፥ ስለ ጊዜ፥ ባሪያም ሰው ስለ መሆኑ ይናገራሉ፤ ስለዚያ ስለ 59 ደብዳቤ ግን አንዲት ቃል የለባቸውም። በ65 በአድማ ተከሶ ራሱን እንዲገድል በታዘዘ ጊዜ ኑዛዜ እንዳይጽፍ ተከለከለ፤ ስለዚህም በዙሪያው ለቆሙት ወዳጆቹ የሚያወርሳቸው የኑሮውን አምሳያ ብቻ መሆኑን ነገራቸው።