ፍጥነቱ የማን ነው?

ለብስክሌቴ አዲስ ቸርኬ ልገዛ ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ። አሁን ያለኝ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 1.9 ኪሎ ይመዝናሉ። የምመኘው ካርቦን 1.4 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ! እኔና ብስክሌቴ ግን 80 ኪሎ ስለምንሆን፣ የእንጦጦን ዳገት ስወጣ የሚቀልልኝ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ልቤ ለምን ተንጠለጠለ? ደግሞስ ዳገቱን ፈጥኜ ብወጣ ፍጥነቱ የእኔ ነው ወይስ የገንዘቤ?

እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ቦርድማን እ.ኤ.አ. በ1996 ነፋስ እንዲሰነጥቅ በተሠራ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 56.375 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ2000 ስለ ብስክሌቱ ያለው ደንብ ጠብቆ፣ ሌላው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 በራሱ የአንድ ሰዓት ሙከራ እንደነዳው ባለ ተራ ብስክሌት፣ ባለ ራጂ ቸርኬ ይዞ ሲሞክር 49.441 ሆነ። መርክስን የበለጠው በ10 ሜትር ብቻ ነው። ሰውየው ያው ሰው ነው። ለእኔ ግን እነዚያ 10 ሜትሮች ከ56ቱ ኪሎ ሜትር ይከብዳሉ፤ የራሱ ናቸውና።

መመኘት ኃጢአት ነው አልልም። ጥሩ ዕቃ መውደድም የሠሪውን እጅ ማክበር ነው። ነገር ግን በፍልሰታ ጾም አንድ ማለዳ የኋላ ቸርኬዬን ራጂዎች አንድ በአንድ በጣቴ ስጫን፣ ሁለቱ ላልተው አገኘኋቸው። በእጄ ያለውን ሳልጠብቅ ሌላ መመኘቴ አሳፈረኝ።

ገንዘቡ እንደተቀመጠ ነው። ሐሙስ ዕለት ራጂዎቹን አስጠብቄ፣ ቸርኬውን አስቃንቼ እንጦጦ ወጣሁ።