ሸርጣን ጋሻውን በሚጥልበት ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሸርጣን ክንፍና ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሥርዓት ከማይበሉት ወገን ይቆጠራል። ስለዚህ እኛ የዱርቤቴ ልጆች የምናውቀው በማዕድ ላይ ሳይሆን በወንዝ ድንጋይ ሥር ነው። በቀይ ባሕር ዳር ያለው ዘመዱ ማዕበል በሚመታው ቋጥኝ ላይ ይኖራል፤ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ ይሸፍነዋል፥ ሲጎድል ፀሐይ ይጠብሰዋል፥ እርሱ ግን ስንጥቁን አይለቅም። ጣናችን በየዕለቱ እንዲህ አይሞላም አይጎድልም። የእኛም ሸርጣን ጠባዩ ሌላ ነው፤ የባሕሩ ጫጩቶቹን ለውኃ ሲለቅ፥ የወንዙ እናት ግን እንቁላሏን በሆዷ ሥር ይዛ ትቆያለች፤ የሚፈለፈለውም እርሷን የሚመስል ትንሽ ሸርጣን ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ጋሻቸው አብሯቸው አያድግም። ማደግ የሚሻ ሸርጣን አሮጌውን ጋሻ ከኋላ በኩል ከፍቶ ይወጣል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ገላው ለስላሳ፥ መቆንጠጫውም ከንቱ ነው። ያን ጊዜ ድንጋይ ሥር ይሸሸጋል። የሚያሳዝነው፥ ለስላሳ ሆኖ ሲያገኙት ከሚበሉት መካከል የገዛ ወገኖቹ ሸርጣኖች መኖራቸው ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ሲሰብክ ሸርጣንን በተንኮሉ አንሥቶታል። በዛጎል ውስጥ የሚኖረው ፍጡር ፀሐይ ሊሞቅ ክዳኑን ሲከፍት፥ ሸርጣን ጠጠር ጣል ያደርግበታል፤ መዝጋት ሲያቅተው ይበላዋል ይላል። የባሕር ሊቃውንት ይህን ቢጠይቁ አይገርመንም፤ ጠጠሩን ግን እኛም እናውቀዋለን።

ከመካከላችን ለትምህርት ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ አሉ። ሲመለሱ ስለ ጾም፥ ስለ ሳይንስ፥ ስለ ጸሎት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የልጅነት እምነታቸው ጠቧቸዋል፤ የሚበልጠው ገና አልጠነከረም። አንዱ አፉን ሲከፍት «መናፍቅ» የሚል ቃል ከወረወርንበት፥ ጠጠሩ ገባ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ አይመጣም።

ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ቋጥኝ ለሽኮኮ መሸሸጊያ መሆኑን ቆጥሮ ፈጣሪውን አመስግኗል። ሽኮኮም በኦሪት ከማይበሉት ወገን መሆኑን ልብ እንበል።

ክረምቱ ሲገባ ተማሪዎቹ ይመለሳሉ። ከቅዳሴ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠን ጥያቄያቸውን እስከ መጨረሻው የምንሰማ እነማን እንደምንሆን ከወዲሁ እንነጋገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።